ከቀይ ካርድ ይልቅ ቢጫው የሚገድልበት ስፖርት

ጀርመን ከኳታሩ የዓለም ዋንጫ በምድብ ጨዋታ ከተሰናበተች አስር ቀን እንኳ ሳይሞላ አንድ ዜና ሙኒክን አናወጠ። የባየርንና የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ማኑኤል ኖየር እግሩ ተሰብሯል! ጊዜው ዲሴምበር 2022 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግብ ጠባቂው የተሰበረው ልምምድ ላይ አልነበረም፤ ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶም አይደለም። ከዓለም ዋንጫው ሽንፈት በኋላ ጭንቅላቱን ሊያሳርፍ ተራራ ወጥቶ በበረዶ ሸርተቴ ሲወርድ ነው። ባየርን በጃንዋሪ 2023 ስዊዘርላንዳዊውን ያን ዞመርን ከመንሸንግላድባክ ገዝቶ ቀዳዳውን ለመድፈን ተገደደ። ኖየር ወደ ሜዳ የተመለሰው በኦክቶበር 2023 መጨረሻ፣ ባየርን ዳርምሽታትን 8 ለ 0 ባንኮታኮተበት ጨዋታ ነው። አስር ወር ተኩል ገደማ ጠፋ ማለት ነው።

በወቅቱ ብዙ የባየርን ደጋፊ ተናዷል። አንድ የሚሊዮኖች ግብ ጠባቂ በሲዝን መሃል ተራራ ላይ ምን ይሠራል? ብዙ የአውሮፓ ክለቦች ስኪን የሚከለክል አንቀጽ ኮንትራት ውስጥ የሚያስገቡት ወደው አይደለም። ያም ሆኖ ኖየር ዕድለኛ ነበር። እሱን የጣለው ተራ አወዳደቅ ነው። በአልፕስ ተራሮች በየዓመቱ እንደ እሱ ከተጠረገው መስመር ወጣ ብለው ከሚንሸራተቱት መካከል እግራቸውን ሳይሆን ሕይወታቸውን የሚያጡ አሉ። የሚገድላቸው የበረዶ ናዳ ነው። በአልፕስ አገሮች በአንድ ዓመት በአማካይ ወደ 100 ሰው በናዳ ይሞታል። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው የሚሞተው ማስጠንቀቂያው ጣሪያ በነካበት ቀን አለመሆኑ ነው። ገዳዩ መሃል ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ናዳ የማይመጣበት ስኪ፣ ናዳ የሚመጣበት ስኪ

በእኛ አገር የበረዶ ሸርተቴ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደግሞታል። የሮቤል ውድድር አገር አቋራጭ ስኪ ይባላል። በተዘጋጀ መስመር ላይ በጉልበትና በትንፋሽ የሚኬድ፣ ለሯጭ አገር ሰው በቀላሉ የሚገባ ስፖርት ነው። እዚያ ናዳ ብዙም አያሰጋም።

ሁለተኛው በቴሌቪዥን የምናየው የቁልቁለት ውድድር ነው። ይሄም ቢሆን መስመሩ ተጠርጎ፣ ተደልድሎ፣ ዳርና ዳሩ ምልክት ተደርጎበት ነው። የቦታው ሠራተኞች ጠዋት ማንም ሳይመጣ አደገኛውን በረዶ በፈንጂ ያራግፉታል። አስጊ ሲሆን መስመሩ ይዘጋል። ሜዳው ዳኛም ፖሊስም አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። ሰው ያልረገጠው፣ ማታ የወረደ፣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ በረዶ ፍለጋ ከመስመር መውጣት። አንዳንዱ በሊፍት ወጥቶ ከገመዱ ማዶ ይገባል። አንዳንዱ እንደ ኖየር ተራራውን በእግሩ ወጥቶ በሸርተቴ ይወርዳል፤ ስኪ ቱር የሚባለው ይህ ነው። እዚያ ፈንጂ የለም፣ የሚዘጋ በር የለም፣ ፊሽካ የሚነፋ የለም። ተጫዋቹም ዳኛውም አንድ ሰው ነው። በስዊዘርላንድ በናዳ ከሚሞቱት ከአስሩ ዘጠኙና ከዚያ በላይ የሚሞቱት በዚህ ክፍት ተራራ ላይ ነው።

ከአንድ እስከ አምስት

አውሮፓ ከ1993 ጀምሮ አንድ ወጥ የናዳ ማስጠንቀቂያ ትጠቀማለች። ደረጃው አምስት ነው። አንድ ዝቅተኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ጉልህ፣ አራት ከፍተኛ፣ አምስት እጅግ ከፍተኛ። በስዊዘርላንድ ይህን የሚያወጣው ዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም ሲሆን የማስጠንቀቂያ ሥራው ከ1945 ጀምሮ አለ። በክረምት ስኪ የሚወጣ ሰው ይህን ቁጥር በስልኩ ያያል፤ እኛ የቡድን አሰላለፍ እንደምናየው ማለት ነው።

አሁን የተቋሙን አሃዝ እንይ። ደረጃ 5 እምብዛም አይታወጅም። ሲታወጅም መንገድ ይዘጋል፣ መንደር ይለቀቃል፣ ስኪ የሚባል ነገር አይታሰብም። ደረጃ 4 በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከሟቾች ወደ 10 በመቶው በእነዚያ ቀናት ይሞታሉ። ደረጃ 2 የክረምቱን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ከሟቾች ወደ 30 በመቶው የእሱ ናቸው። ደረጃ 3 ከክረምቱ 30 በመቶ ገደማ ነው። የሟቾቹ ድርሻስ? ወደ 50 በመቶ! በአጭሩ፣ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመሃለኛው ቁጥር ቀን ነው።

ለምን? መልሱ ስታዲየም ውስጥም አለ። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ ክርክር የለም። ቢጫ ያየው ግን ይቀጥላል። አንዳንዱ ይጠነቀቃል፣ አንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛውን ያመጣል። ደረጃ 4 እና 5 ቀይ ካርድ ናቸው፤ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ደረጃ 3 ቢጫ ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው ‹‹ከአምስት ሦስት፣ መሃል ላይ ነው፣ ምንም አይልም›› ብሎ ይወጣል።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ደረጃ መሰላል እኩል እኩል አይደሉም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ አደጋው በእጥፍና ከዚያ በላይ ያድጋል። ደረጃ 3 ሲባል ‹‹አማካይ›› ማለት አይደለም። በብዙ ቀጥ ያሉ ተዳፋቶች ላይ አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሳ ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ደረጃ 3 ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዲስ በረዶ በወረደ ማግስት፣ ሰማዩ በጠራበት፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ነው። ስኪ የሚወድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የጠበቃት ቀን እሷ ናት። ፈተናውም አደጋውም በአንድ ቀን ይመጣሉ።

ከላይ ሰሌዳ፣ ከታች ስኳር

እኛ በረዶ ስንል የክረምቱን ጠጠር በረዶም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም፣ አውሮፓ ላይ የሚዘንበውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ስለዚህ ናዳ ሲባል ከላይ እየተንከባለለ የሚያድግ ትልቅ የበረዶ ኳስ ይታየናል፤ የካርቱን ፊልም አሳስቶናል። ስኪ የሚጫወቱ ሰዎችን የሚገድለው ናዳ እንደዚያ አይደለም።

ተራራ ላይ ያለ በረዶ እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው። እያንዳንዱ ውርጅብኝ አንድ ንብር ይጨምራል። ችግሩ ንብሮቹ እኩል አለመያያዛቸው ነው። በክረምቱ መጀመሪያ የወረደው በረዶ ስስ ሆኖ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ የታችኛው ንብር ቀስ በቀስ ይለወጥና እንደ ስኳር የሚፈረፈር ጥራጥሬ ይሆናል። በእጅ ቢጨብጡት አይጨበጥም። አንዳንዴ ደግሞ ላይ የተጋገረ ውርጭ ሳይቀልጥ በአዲስ በረዶ ይሸፈናል። ከዚያ ትልቁ በረዶ ይወርዳል፣ ነፋስ ከአንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ይከምረዋል። አሁን ከላይ ጠንከር ያለ ሰሌዳ፣ ከታች ስኳር አለ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሲገባ ክብደቱ ሰሌዳውን አልፎ ስኳሩ ላይ ያርፋል። ስኳሩ ይደረመሳል። ስንጥቁ ከእግሩ ስር ተነስቶ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይሮጣል፣ ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ይለቃል። ሰውየው ከናዳው በታች ቆሞ የሚጠብቅ ሳይሆን ናዳው ላይ የቆመ ነው። ለዚህም ነው በናዳ ከሚያዙት ከአስሩ ዘጠኙ ያህል ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይም አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች የሆኑት። ተራራው አላጠቃም፤ በራሳቸው ላይ ጎል አገቡ።

መጠኑስ? ስኪ ተጫዋች የሚያስነሳው የተለመደው ናዳ 50 ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ150 እስከ 200 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስፋቱ ከእግር ኳስ ሜዳ ወርድ ያንሳል፤ ርዝመቱ ሁለት ሜዳ ቢቀጠል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነች፣ ግማሽ ሜትር የምትወፍር ሰሌዳ ብቻ፣ ሜትር ኩቡ 200 ኪሎ ቢመዝን፣ 250 ቶን ትሆናለች። ይህን በደረት የሚመክት ተከላካይ የለም።

ተዳፋቱም ወሳኝ ነው። እንዲህ ያለው ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቁልቁለት ላይ ነው። ከ30 በታች መቆየት ማለት አደጋውን በጣም መቀነስ ማለት ነው። ግን ለስኪ ሰው ደስታው ከ30 በላይ ነው። ስፖርቱ የሚጣፍጥበት ቦታና ናዳው የሚነሳበት ቦታ አንድ ነው።

ሌላም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ‹‹ዘንድሮ በረዶ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አደጋ የለም›› ይባላል። አይደለም። ስኳሩን የሚሠራው ያ ስስ በረዶና ብርድ ነው። ስስ በረዶ ሌላም ጉድ ይዞ ይመጣል። የፎርሙላ ዋኑ ንጉሥ ሚካኤል ሹማከር በዲሴምበር 2013 ፈረንሳይ ሜሪቤል ላይ ጭንቅላቱን ያጋጨው ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ውጪ፣ በበረዶ በተሸፈነ ድንጋይ ምክንያት ነው። ናዳ አልነበረም፤ የመስመሩ ውጪ ሕግ ግን ያው ነው፤ ከበረዶው ስር ያለውን የሚያይ የለም።

ከዕረፍት ሰዓት ያነሰ ዕድሜ

አሁን ሰውየው ተቀብሯል እንበል። ስንት ጊዜ አለው? በ2024 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው በናዳ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጡት 91 በመቶው ይተርፋሉ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ግን ቁጥሩ ወደ 31 በመቶ ያሽቆለቁላል። ምክንያቱ አየር ነው። ናዳው እንደቆመ በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ጣት ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ የራስ ትንፋሽ አፍ ላይ ቀዝቅዞ በረዶ ይሆናል።

የእግር ኳስ የዕረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ነው። ተጫዋቾቹ ሻይ ጠጥተው ሳይመለሱ የሰውየው ዕድል መውረድ ይጀምራል። ሄሊኮፕተር የቱንም ያህል ቢፈጥን በ10 ደቂቃ ውስጥ መጥሪያ ተደርጎለት፣ ተነስቶ፣ ቦታውን አግኝቶ፣ ሰው አውጥቶ አይጨርስም። የሚያድነው አብሮት ያለው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ከመስመር የሚወጣ ሁሉ ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛው በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መፈለጊያ መሳሪያ ነው። ሁለተኛው በረዶ ውስጥ እየተሰካ የተቀበረውን የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ፣ ሦስተኛው አካፋ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብዙም አይረቡም።

የሆላንዱ ልዑል ፍሪሶ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በፌብሩዋሪ 2012 ኦስትሪያ ሌህ ውስጥ ከመስመር ውጪ ሲንሸራተት ናዳ ቀበረው። የዕለቱ ማስጠንቀቂያ ደረጃ 4 ነበር። ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሕይወት አወጡት፤ ግን አንጎሉ አየር አጥቶ ነበር። ሳይነቃ ቆይቶ በኦገስት 2013 አረፈ። ልዑል መሆን፣ ምርጥ ሐኪም ማግኘት ያለፉትን ደቂቃዎች አይመልስም።

ነፍስ አድን ሠራተኞች አንዳንዴ ‹‹ለምን ቶሎ አልገቡም?›› ተብለው ይወቀሳሉ። እነሱ የሚፈሩት ሁለተኛውን ናዳ ነው። ፌብሩዋሪ 2020 ቱርክ ቫን ግዛት ውስጥ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን በማግስቱ ሁለተኛ ናዳ ደረሰባቸው፤ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ጭቃው ተንዶ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ነው የወሰዳቸው። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ሐዘን ነው። አንዱ በረዶ፣ አንዱ ጭቃ ነው። ሊያድን የሮጠ ሰው የሚሞትበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ኮከቦቹም አልተረፉም

‹‹ይሄ ሁሉ ልምድ ለሌለው ቱሪስት ነው›› የሚል ይኖራል። ስሞቹን እንቁጠር።

ኤስቴል ባሌ ስዊዘርላንዳዊት የስኖውቦርድ ኮከብ ነበረች። በ2015 እና በ2016 በተከታታይ የፍሪራይድ ዓለም ቱር ሻምፒዮን ሆናለች። ሁለተኛ ዋንጫዋን ካነሳች ብዙም ሳይቆይ በአፕሪል 2016 በገዛ አገሯ ፊልም ሲቀረጽ ናዳ ወሰዳት። ዕድሜዋ 21 ነበር። መፈለጊያም ኤርባግም ይዛ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስዊድናዊቷ ማቲልዳ ራፓፖርት ቺሊ ውስጥ ለቪዲዮ ጌም ማስተዋወቂያ ስትቀረጽ በናዳ ተያዘች፤ ከቀናት በኋላ አረፈች። በ1999 የስኖውቦርድ ክሮስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ፈረንሳዊት ጁሊ ፖማጋልስኪ በማርች 2021 ስዊዘርላንድ አንደርማት አካባቢ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተች።

ከሁሉም አንጀት የሚበላው የዞልደኑ ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 2015 የአሜሪካ ስኪ ቡድን ተስፈኞች ኦስትሪያ ላይ ለልምምድ ሰፍረው ነበር። ስድስት ወጣቶች ከመስመር ወጥተው ወረዱ፤ ናዳው ተነሳ። አራቱ አመለጡ፣ ሮኒ በርላክ እና ብራይስ አስል ቀሩ። አንዱ 20፣ አንዱ 19 ዓመቱ ነበር። የዕለቱ ማስጠንቀቂያ ስንት ነበር? ደረጃ 3!

እነዚህ ልጆች በዓለም ላይ ካሉ ምርጥ ወጣት ተንሸራታቾች መካከል ነበሩ። ግን በር እያለፉ በሰከንድ ክፍልፋይ መወዳደርና በረዶ ማንበብ ሁለት የተለያየ ትምህርት ነው። ጎል አግቢ መሆን ዳኛ አያደርግም። ቤተሰቦቻቸው ከሐዘኑ በኋላ ወጣት ስኪ ተወዳዳሪዎችን ስለ ናዳ የሚያስተምር ፋውንዴሽን አቋቁመዋል። ጥያቄው ይህን ለመሥራት ሁለት ልጅ መሞት ነበረበት ወይ ነው።

ሰው ሲበዛ ዝምታው ይበዛል

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢያን ማካመን ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ሰዎች ምልክቱ ፊታቸው እያለ ለምን እንደሚገቡ ጠይቋል። ያገኘው ነገር ከበረዶ ይልቅ ስለ ሰው ነው። ቦታውን ስለለመዱት ይገባሉ። ዕቅድ ስላወጡ ማፍረስ ያፍራሉ። ‹‹እሱ ያውቃል›› ብለው ጎበዙን ይከተላሉ። ሌላው ቀድሟቸው ያንን ንጹህ በረዶ እንዳይረግጠው ይሽቀዳደማሉ።

የዚህ ሁሉ ማሳያ በፌብሩዋሪ 2012 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስቲቨንስ ፓስ ላይ የሆነው ነው። 16 ሰዎች ከስኪ ቦታው ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ለመውረድ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች ናቸው፤ የስኪ ጋዜጠኛ፣ የስኪ ቦታው ሠራተኛ፣ ጂም ጃክ የሚባለው የፍሪስኪ ውድድር ዋና ዳኛ ሳይቀር። አንዳንዶቹ ልባቸው ፈርቶ ነበር፤ ግን ያን ሁሉ ባለሙያ እያዩ ማን ደፍሮ ‹‹እንመለስ›› ይበል? ናዳው ሦስት ሰው ገደለ፣ ዋናውን ዳኛ ጨምሮ። ኤሊስ ሳውግስታድ የምትባለው ባለሙያ ስኪ ተጫዋች በኤርባጓ ተረፈች።

ስለ ኤርባግ ካነሳን አይቀር፣ ጥቅሙ እውነት ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ከባድ ናዳ ውስጥ ለገቡ ሰዎች ኤርባጉ ሲነፋ የመሞት ዕድሉን ከ22 ወደ 11 በመቶ ያወርዳል ይላል። በግማሽ ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ኤሊስ ተረፈች፣ ኤስቴል ባሌ አልተረፈችም። ኤርባግ የሺን ጋርድ ያህል ነው፤ አጥንት ያድናል፣ ጨዋታ አያሸንፍም።

የመልበሻ ክፍልን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። አንጋፋ ተጫዋቾች የበዙበት ቡድን ውስጥ አሰልጣኙ ሲሳሳት ዝም የሚለው ብዙ ነው። ሜዳ ላይ ዋጋው ሦስት ነጥብ ነው። ተራራ ላይ ዝምታ ሰው ያስቀብራል።

መንደሩ ዳነ፣ ስፖርቱስ?

ተስፋ የሚሰጠው ነገር ናዳን ማሸነፍ እንደሚቻል መታየቱ ነው። በ1950/51 ክረምት ስዊዘርላንድ ውስጥ 98 ሰው በናዳ አልቋል፤ ብዙዎቹ በቤታቸው። ከዚያ በኋላ መንግሥት የብረት አጥር በየተራራው ተከለ፣ ደን አስተከለ፣ ቤት የሚሠራበትንና የማይሠራበትን በካርታ ለየ። በፌብሩዋሪ 1999 ኦስትሪያ ጋልቱር ላይ 31፣ በማግስቱ በጎረቤት ቫልዙር 7 ሰው ሲሞት ኦስትሪያም ካርታዋን አስተካከለች፣ ግንብ ገነባች። ውጤቱ በግልጽ ይታያል። በአልፕስ መንደሮችና መንገዶች የሚሞተው ሰው በጣም ቀንሷል።

ከመስመር ውጪ የሚሞተው ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙም ፈቀቅ አላለም። እርግጥ ነው፣ ተራራ የሚወጣው ሰው ብዙ እጥፍ ሲጨምር የሟቹ ቁጥር አለመጨመሩ የትምህርቱና የመሳሪያው ውጤት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን መንደሩን ያዳነው ግንብ ለስፖርተኛው አይሠራለትም። እሱ ግንቡን አልፎ ነው የሚሄደው። እሱን የሚያድነው ውሳኔው ብቻ ነው።

አሁን ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ስፖርቱ ራሱ ወደዚያ እየሄደ መሆኑ ነው። የዓለም ስኪ ፌዴሬሽን በ2022 የፍሪራይድ ዓለም ቱርን በስሩ አስገብቷል፤ በ2024 ደግሞ ፍሪራይድን እንደ አንድ የስፖርቱ ዘርፍ አውቆታል። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2021 ተራራ እየወጡ የሚወርዱበትን የስኪ ማውንቴኒሪንግ ውድድር በ2026ቱ የሚላን-ኮርቲና ኦሊምፒክ እንዲካተት ወስኗል። በውድድሩ ቀን ችግር የለም፤ ተራራውን ባለሙያ ይመረምረዋል፣ ሄሊኮፕተር ይቆማል፣ በረዶው ካላማረ ውድድሩ ይሰረዛል። ችግሩ ውድድር በሌለበት ቀን ነው። ሜሲን ያየ ልጅ ሰፈር ውስጥ ኳስ ይመታል፤ ቢሳሳት የጎረቤት መስኮት ይሰብራል። ፍሪራይድን በስልኩ ያየ የ16 ዓመት ልጅ ግን ተራራ ይወጣል። ቪዲዮው ላይ የሚያየው አንድ ደቂቃ ቁልቁለት ነው። ከቀረጻው በፊት የተደረገውን ምርመራና ‹‹ዛሬ አይሆንም›› ተብሎ የተመለሱበትን ቀን ማንም አይለጥፍም።

ስለዚህ ኳሱ በፌዴሬሽኑ እግር ስር ነው። ስፖርቱን ሲያቅፉ ዋንጫውንና ስፖንሰሩን ብቻ ማቀፍ አይቻልም። በየትኛውም ዕድሜ ለፍሪራይድ ውድድር የሚመዘገብ ወጣት የናዳ ትምህርት ወስዶ፣ በመፈለጊያ መሳሪያ ጓደኛውን በደቂቃዎች ውስጥ ማውጣት እንደሚችል ተፈትኖ ካልሆነ ፈቃድ ማግኘት የለበትም። ከሜዳ ዳኝነት ፈተና ይህ አይከብድም። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞችም ልጆቹ ነፃ ቀን ሲያገኙ ‹‹የዛሬው ደረጃ ስንት ነው?›› ብለው መጠየቅን እንደ ማሟሟቂያ የዕለት ሥራ ሊያደርጉት ይገባል። ወጪው የአንድ ስልክ ማየት ነው። ዞልደን ላይ የጠፋውን ያህል ዋጋ አያስከፍልም።

ክረምት በመጣ ቁጥር አልፕስ ላይ በረዶ ይወርዳል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ዳቮስ ያለው ተቋም ቁጥሩን ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ደረጃ አምስትን ሁሉም ይፈራዋል። ሦስትን መፍራት ግን ገና አልተለመደም፤ በየዓመቱ የሚገድለውም ይኸው ነው።